የጅቧ ጅራት

ጋሽ መቀስ ፀጉር ቤታቸውን በሥራ ቀን ዘግተው አያውቁም። ጉንፋን ጥሏቸው ከፍተዋል፤ ልጃቸውን በዳሩ ማግስት ዓይናቸው በእንቅልፍ እየተጨፈነ ከፍተዋል፤ መብራት ጠፍቶ ቶንዶሱ አልሠራ ሲል እንኳ በመቀስ ብቻ ሲቆርጡ ይውላሉ፤ ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። ያን ቀን ግን በማለዳ በሩን ቆልፈው፣ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወርዱ ያያቸው ሁሉ «ደህና ነው ጋሼ?» ይላቸው ነበር። ደህናማ አልነበረም። ፊታቸው ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ ሰው ፊት ነበር። የሚሄዱት ግን የአንደኛ ክፍል ልጆች ጅብና አንበሳ ሆነው ሲጫወቱ ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ መቀስ አንዲት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ሰፈሩ ቃሪያ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ገና ዳዴ ስትል ጉንጯን ቆንጥጦ «እንዴት ታምራለች» ያለ አንድ ደንበኛ ነው፤ ጣቱን ነክሳው። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ሲያዩዋት ምንም የማትመስል፣ ሲነኳት ግን እንባ የምታስመጣ ልጅ ናት። እናቷ ነርስ ናት፤ የሆስፒታሉ ፈረቃ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት ጉዳይ ጋር ተስማምቶላት ስለማያውቅ፣ ልጅቷን ማድረሱም መመለሱም፣ በሷ ምክንያት የሚመጣውን ክስ መስማቱም የአያትየው ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ ቃሪያ ፀጉር ቤቱ ጥግ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ አያቷ ሲቆርጡ ታያለች፣ ደንበኛው ሲያወራ ትሰማለች።

ደንበኛ ደግሞ ያወራል። የሰው ልጅ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ያቺ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ስትታሰር ሆዱ ይከፈታል። አንዱ አማቱን ያማል፤ አንዱ ለሚስቱ ያልተነፈሰውን ይተነፍሳል፤ አንዱ አናቱ መሳሳቱን አምኖ የሚቀበለው እዚያ መስታወት ፊት ብቻ ነው። ጋሽ መቀስ «እህ» ይላሉ እንጂ ከዚያ አያልፉም። አንዴ የአንዱ ደንበኛ ሚስት መጥታ፣ ባሌ ምን ሲል ነበር ብላ ብታጣድፋቸው፣ «እኔ የቆረጥኩት ፀጉሩን ነው፤ ምላሱን አልነካሁም» ብለው መለሷት። ሴትዮዋ ተናዳ ስትወጣ ወደ ቃሪያ ዞረው፣ «ልብ አድርጊ፤ ወንበሩ ላይ የተባለ ከወንበሩ አይወርድም» አሏት። ቃሪያም ልብ አደረገች። ይህቺ ልጅ የማትሰማ የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል፤ ትሰማለች፣ የምትሰማውን ግን ራሷ ነው የምትመርጠው።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። መምህሯ፣ ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» የሚላት ቆፍጣና ወጣት፣ ጠመኔ ልታመጣ ወጣ ባለችበት ቅጽበት ቃሪያ ከመምህሯ ጠረጴዛ ሥር ፀጉር ቤት ከፈተች። ቀልድ አይደለም። የቲቸርን ሹራብ ደንበኛዋ አንገት ላይ አሰረች፤ ወረቀት የሚቆርጡባትን አፍንጫ ደፍጣጣ መቀስ አያቷ እንደሚያደርጉት በአየር ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገቻት። ደንበኛዋ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሚጢጢ ነበረች። ሚጢጢ ማለት ደግሞ ፀጉሯ ከራሷ በፊት የሚታወቅላት ልጅ ናት፤ ወገቧ ድረስ የወረደ፣ እናቷ እሁድ እሁድ ሥራ ፈትታ በሁለት ጉንጉን የምትሠራው፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ዶቃ የምታስርበት ፀጉር። ቲቸር ጠመኔዋን ይዛ ስትመለስ አንደኛው ጉንጉን መሬት ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ያለችውን መድገም ምን ይረባል። እናት ናት፣ ይፈረድላታል። የቀረውን ጉንጉን እያለቀሰች በራሷ መቀስ ቆርጣ አስተካከለችው። ቃሪያን ቲቸር ጠየቀቻት፣ ዳይሬክተሩ ጠየቃት፣ እናቷ ከፈረቃ መልስ ከነዩኒፎርሟ ቁጭ ብላ ጠየቀቻት፤ አንድ ቃል ከአፏ ጠብ አላለም። ጋሽ መቀስ ለመኗት፣ ተቆጧት፣ በመጨረሻም ሣጥኗን ከፀጉር ቤቱ አውጥተው መጋዘን ከተቱባት። በዚህ ጊዜ ብቻ ሣጥኗን እስከ መጋዘኑ በር ተከተለችው፤ ግን አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው፤ ጋሽ መቀስን ግን የልጅቷ ዝምታ ውስጥ ውስጡን በላቸው። ክፉ ልጅ አሳደግኩ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ያን ሰሞን መጣባቸውና አልሄድ አለ።

ስም አንዴ ከወጣ ደግሞ ምን ይደረጋል። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ቀለም ቢደፋ ቃሪያ፣ ጫማ ቢጠፋ ቃሪያ፣ የማንም ልጅ አልጋ ላይ ቢሸና «ቃሪያ አስደንግጣው ነው» ሆነ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ፣ ወይ እሷ ወይ የኔ ልጅ አለች፤ ሌሎቹም አጉረመረሙ። ዳይሬክተሩ ነገር የሚፈራ ሰው ነው። እስከ ዓመቱ መዝጊያ ጠባይዋን እናያለን፣ ካርድ በሚሰጥበት ቀን ከጓደኞቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ትገባ እንደሆነ ወይ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈለግላት እንደሆነ እነግራችኋለሁ ብሎ ስብሰባውን በተነ። ጋሽ መቀስ ያን ቀን በወጡበት በር ተመልሰው መግባት የሚያስፈራቸው ለዚህ ነበር።

ይህ ሁሉ አንሶ የመዝጊያው ተውኔት መጣ። ቲቸር ለተውኔት ሚና የምትሰጠው በዕጣ ነው፤ ስሞቹን የፀሐይ ባርኔጣዋ ውስጥ ትከትና ያነሣ ያነሣውን ይሆናል፣ መለዋወጥ የለም። ያለፈው ዓመት እንደ ፍላጎታችሁ ብላ ጫካው በሙሉ አንበሳ ሆኖባት ነበር አሉ። ዘንድሮ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አንበሳ ሆነ፣ ዳኛ ማለት ነው። ሚጢጢ ፍየል አነሣች። ቃሪያ እጇን ባርኔጣው ውስጥ እስከ ክርኗ ድረስ ከተተችና ጅብ ይዛ ወጣች። ወሬውን የሰሙ ወላጆች፣ ለሷ ደግሞ ዕጣ ምን ያስፈልጋታል ብለው ተሳሳቁ።

ቲቸር ያን ቀን ማታ ላይ ፀጉር ቤት ድረስ መጣች። ውስጥ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እየተሽከረከረች፣ ለአንድ ጊዜ ደንቤን ልስበር ይሆን ብዬ አሰብኩ አለቻቸው። ቃሪያ ፍየሏን ስታባርር እዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት ብትታይ ለካርዱ ቀን ጥሩ አይመጣም፤ ዛፍ ብትሆንስ? ዛፍ ቆሞ ይውላል፣ ማንንም አይነካም። ጋሽ መቀስ ሐሳቡን ወደዱት። ቃሪያ ግን ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ «ዕጣዬ ነው» አለች። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ፀጉር ቤቱ ጫካ ሆነ። ቃሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ታላዝናለች፤ መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ከሆዷ የሚወጣ ረጅም ኡኡታ። ዳቦ ጋጋሪው ጢሙን ሲላጭ ድንገት ብታላዝን ሰውየው ከወንበሩ ዘሎ ጆሮው በምላጭ ሊሄድ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሳቁን ማቆም አቅቶት፣ ለጅብነቱስ እንዳንተ ልጅ ያለ የለም አላቸው። ጋሽ መቀስም ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ከሣጥኗ ቅጣት ወዲህ እዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር። ማታውኑ ሣጥኗን ከመጋዘን አውጥተው አቧራውን ጠረጉላት።

የልብሱ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ልብስ ሰፊዋ እጇ ወርቅ ነው፤ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ እንደየእንስሳቸው ሰፋች፤ ለኤሊው ጀርባ ጥጥ ሞላች፣ ለዝሆኑ ኩምቢ አወጣች። ጅቧ ላይ ስትደርስ ጨርቅ አለቀ። ዝሆን ያልጨረሰው ጨርቅ ጅብ ላይ አለቀ፣ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ጋሽ መቀስ ይህን ሲሰሙ አንድ አሮጌ የፀጉር ቤት ጨርቅ አወጡ፤ ከየደንበኛው የወደቀውን ፀጉር ለየት ለየት አድርገው ሰብስበው በሳሙና አጥበው በፀሐይ አሰጡ፤ ጥቁሩን ለጀርባ፣ ቡናማውን ለጎን፣ ሽበቱን ለማጅራት እያሉ በሙጫ አንድ በአንድ ለጠፉት። ጅራቱን ከመጥረጊያ ጭራ ሠሩት። ሲያልቅ መስቀያ ላይ ሰቅለው ራቅ ብለው አዩትና፣ እውነትም ያስፈራል ብለው ደስ አላቸው።

እንዲህ ሆኖ ነው የመዝጊያው ቀን የደረሰው። ክፍሉ ለጋሽ መቀስ ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ክፍል አልመስል አላቸው። ግድግዳው ላይ የነበሩት የልጆች ሥዕሎች ወርደው ቦታቸው በየአራት ማዕዘኑ ነጣ ነጣ ብሏል። መግቢያው ላይ ቲቸር ባለቤት ያጡ ዕቃዎችን በጠረጴዛ ዘርግታለች፤ የምሳ ዕቃ ክዳን፣ የግራ ጫማ ብቻ፣ ማንም የኔ ነው የማይለው አንድ ካልሲ። አንዱ አባት የራሱን ጃንጥላ አገኘና እንደ ሌባ ዙሪያውን እያየ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። ልጆቹ መሳቢያቸውን ባዶ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ስለገለበጡት ቦርሳው ሁሉ አብጦ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ወላጆች የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሷል። ጋሽ መቀስ ቦታ ሲፈልጉ የቀረችው ወንበር ከልብስ ሰፊዋ ጀርባ ሆነች። ሰላምታ ሰጧት፤ አንገቷን ነቅነቅ አደረገችላቸው። ዳይሬክተሩ ካርዶቹን በብብቱ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል።

መጋረጃ የሆነው አንሶላ ተገለጠ። ዛፎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ አንደኛው ዛፍ እናቱን አይቶ እጁን አወዛወዘ፤ አንደኛው አፍንጫውን ይጎረጉራል። ኤሊው ገና ከመግባቱ ጀርባው ላይ ያለው ጥጥ ተመቸው መሰለኝ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ። ፍየሏ ሚጢጢ የወረቀት ቀንዶቿን አድርጋ፣ ግልገል የሆነች አሻንጉሊት አቅፋ እየዘለለች ገባች። እናቷ ከፊት ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል አብራት ትል ነበር። ይህን ሲያዩ ጋሽ መቀስ አንጀታቸው ትንሽ ራራ፤ ልጁን የሚወድ ሰው መጥላት ይከብዳል።

ከዚያ ኡኡታው መጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ቃሪያ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋን ሰብራ፣ በጎን በጎን እየተራመደች ወጣች፤ ያ ሁሉ ፀጉር በላይዋ ላይ ይንቀሳቀሳል። ሰው ገና ፈርቶ ሳይጨርስ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ ጮክ ብሎ፣ ያ ማጅራቷ ላይ ያለው ሽበት የኔ ነው አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ሁሉም የራሱን መፈለግ ጀመረ፤ ይሄ ቡናማው የወንድሜ ነው፣ ያ ከርዳዳው የኔ ነው፣ አይ የኔ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ቲቸር ዝም ለማሰኘት ብዙ ተቸገረች። ቃሪያ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ሳቁ እስኪያልቅ በጅብ ዓይን ጠበቀቻቸው። ጋሽ መቀስ ዳይሬክተሩም ሲስቅ አዩትና፣ ምናልባት ብለው አሰቡ፤ ምናልባት ዛሬ ደህና እንውል ይሆናል።

ጅቧ ግልገሏን ልትበላ ስትል ተያዘችና አንበሳው ፊት ቀረበች። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዙፋን በሆነው የቲቸር ወንበር ላይ ተቀምጦ ንፍጡን በጋማው ጠረገና ፍርዱን ጠየቀ። እንስሳቱ ሁሉ እንደተለማመዱት በአንድ ድምፅ «ትባረር» አሉ። ያቺ ቃል የጋሽ መቀስን ጆሮ ወጋችው። ጅቧ አንገቷን ደፍታ፣ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ መራመድ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ጅራቷ ታየ።

የመጥረጊያ ጭራ አይደለም። ረጅም፣ ጥቁር፣ ተጠንቅቆ የተሠራ ጉንጉን ነው፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ይወዛወዛል።

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተነሣች። እጇ ወደ ጅራቱ ተዘረጋ። ከዚያ የልጄን ፀጉር ቆርጣ አልበቃት ብሎ ጅራት አድርጋ ልታላግጥብን ነው ወይ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። ክፍሉ ተንጫጫ። ዳይሬክተሩ ካርዶቹን ከብብቱ አወጣና እጁን ከፍ አደረገ፣ ተውኔቱ እዚህ ላይ ይበቃል አለ። ጋሽ መቀስም ጉንጉኑን አወቁት። ይህን ሁሉ ወር ደብቃ አስቀምጣው ኖሯል ማለት ነው፤ እንደ ዋንጫ ይዛው። አፈርኩ ብለው አሰቡ። በመድረኩ ላይ ቃሪያ ባለችበት ቆማለች። አላለቀሰችም፣ አልሮጠችም። በዚያ ሁሉ የሰፈር ሰው ፀጉር ውስጥ ግን አንገቷ እንዴት ቀጭን እንደሆነ ጋሽ መቀስ አዩ።

እግራቸው ከሳቸው ቀድሞ ተነሣ። በዛፎቹ መካከል አልፈው፣ የተኛውን ኤሊ ተሻግረው፣ ከጅቧ ጎን ሄደው ቆሙና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«ዋስ ነኝ» አሉ። «ለዚች ልጅ እኔ ዋስ ነኝ።»

አንበሳው ግራ ገባው። በልምምዱ ላይ እንዲህ ያለ ሰውዬ አልነበረም። ወደ ቲቸር አየ፤ ቲቸር ደግሞ አፏን በእጇ ይዛ ቀርታለች። አንበሳ ግን አንበሳ ነውና ዙፋኑ ላይ ተስተካክሎ ተቀምጦ፣ በየወሩ ፀጉሩን የሚቆርጡትን ሰውዬ፣ «አንተ ምን እንስሳ ነህ?» አላቸው።

«ሽማግሌ ጅብ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ መቀስ። «የዚች አያት። መቀስ መያዝ ያየችው ከኔ ነው፤ ጥፋትም ካለ ከኔ የወረሰችው ነው። ካባረራችኋት ሁለታችንንም ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ የሳቀው ግን ዓይኑን እየጠረገ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ፍየሏ መሃል ገባች። ሚጢጢ የወረቀት ቀንዶቿን ከራሷ ላይ አወለቀች፤ አሻንጉሊቷን አንበሳው ጭን ላይ ጣለች።

«እማዬ፣ ቁረጪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች። «እሁድ እሁድ ስትጎነጉኚኝ በጣም ያመኛል። አንቺ ግን ፀጉሬን ስትወጂው አይቼ ፈራሁ። ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ጉንጉኑንም ለማስታወሻ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ልብስ ስንቀይር ዝሆኑ ረግጦ ጅራቷን ገነጠለው፤ ከቦርሳዋ አውጥቼ ይሄኛውን ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

ዝሆኑ ወደ ዛፎቹ ጀርባ ፈቀቅ አለ።

ጋሽ መቀስ ወደ ቃሪያ ዞሩ። ስንት ጊዜ ለመኗት፣ ስንት ጊዜ ተቆጧት፤ ሣጥኗን ሲነጥቋት እንኳ። ወገባቸውን ይዘው ፊት ለፊቷ በርከክ አሉና፣ «ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?» አሏት።

ቃሪያ ይህን ያህል ግልጽ ነገር እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይን አየቻቸው።

«ደንበኛዬ ናት አባባ። ወንበሩ ላይ የተባለ ከወንበሩ አይወርድም፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው?»

ክፉ ልጅ አሳደግኩ እያሉ እንቅልፍ ያጡባት ልጅ የሳቸውን ቃል ይዛ ኖሯል የተቀጣችው፤ የቀጧትም እሳቸው። ሰው ሁሉ እያያቸው አቀፏትና አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ደግሞ ፀጉሩ አፍንጫቸው ውስጥ ገብቶ አስነጠሳቸው። ሕዝቡ ይማርዎት ጋሼ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ቆማ ቀርታ ነበር። ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረች። ልጇን አልፋ ሄደች፤ ጋሽ መቀስን አልፋ ሄደች፤ ከጅቧ ኋላ ተንበረከከች። ጅራቱን በጣቷ ያዘችው፣ ዶቃውን ነካችው። ከዚያ ከኮሌታዋ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካትን መርፌ ቁልፍ ነቀለችና፣ «ጅራት እንዲህ አይታሰርም፤ ይወድቅባታል» አለች። አስተካክላ፣ ሳብ አድርጋ፣ ጥብቅ አድርጋ አያያዘችው። ከዚያ ልጇን ሳብ አድርጋ አናቷን ሳመችው፤ ደጋግማ እዚያው የሚያማት ቦታ ላይ።

እጁን ከፍ አድርጎ የቆመው ዳይሬክተር እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መቼም ዳኛው እዚያ ተቀምጧል፣ ፍርዱን ይስጥና ተውኔቱ ይለቅ አለ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ንፍጡን ድጋሚ በጋማው ጠረገ። ትንሽ አሰበ። የተጻፈለት ቃል ትባረር የሚል ነበር፤ ግን ጅቧ ስንት ጊዜ የጫማውን ክር አስራለታለች፣ ስንት ጊዜ እርሳስ ቀርጻለታለች።

«ሁላችንም ሁለተኛ ክፍል እንገባለን» ብሎ ፈረደ። «ጅቧም።»

ክፍሉ ቀውጢ ሆነ። እንስሳቱ ዘለሉ፣ ዛፎቹ ሮጡ፣ ኤሊው በጩኸቱ ነቅቶ አልቅሶ ሲያበቃ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ መዝለል ጀመረ። መጋረጃው አንሶላ ወርዶ ሦስት ወላጆች ላይ ወደቀ። ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን ካርድ የሰጠው ለቃሪያ ነው፤ ሲሰጣትም እጇን ጨበጣት፣ እሷም መዳፏ ላይ የነበረውን ሙጫ አጋርታው ተመለሰች። ካርዱ ላይ ተዛውራለች ይላል። ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ቃሪያ ራሷ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ ዓመቱን ሙሉ በተማረችው ንባብ፣ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ደግመሽ አንብቢው አሏት። ደገመችላቸው።

ያን ቀን ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ተከፈተ። እንግዲህ ዝግ ሆኖ መዋል አልሆነላቸውም። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ልጇን በእጇ ይዛ ቆመች። ጋሼ፣ በሚገባ አሳጥረው ያስተካክሉልኝ አለች። ጋሽ መቀስ በወንበሩ መደገፊያዎች ላይ ጣውላ አጋድመው ሚጢጢን አስቀመጧት፤ ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ቃሪያ ሣጥኗን ጎትታ ከጎን ቆመችና ማበጠሪያ አቀባይ ሆነች። መቀሱ ሲሠራ ሁለቱ ልጆች አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ይንሾካሾኩና በሳቅ ይፈነዳሉ። ልብስ ሰፊዋ ደጅ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታያቸው ቆይታ አላስችል ሲላት፣ ምን እየተባባላችሁ ነው ብላ ጠየቀች።

ቃሪያ ማበጠሪያውን አየር ላይ አንሥታ፣ «እኛ ፀጉር ነው የምንቆርጠው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ እስኪያንቃት ሳቀች። ሚጢጢ ስትወርድ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ዳሰሰችና ነፋሱ ማጅራቷን ሲነካው ለማየት ደጅ ወጥታ ሮጠች፤ ቃሪያም ተከተለቻት። ወንበሩ ባዶ ቀረ። እናትየው ትንሽ ፈራ ተባ አለችና፣ የኔንም ጫፍ ጫፉን ቢያነሡልኝ ብላ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ መቀስ ጨርቁን አራግፈው አንገቷ ላይ አሰሩላት። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ሲል እሷም መናገር ጀመረች፤ ብዙ ተናገረች፣ ስቃም አልቅሳም ነበር። ምን እንዳለች ግን እኔም አልነግራችሁም። ወንበሩ ላይ ነበረቻ።